ወንድሜና ባለ ስድስት ጎኑ ጠጠር

ሰቆጣ ውስጥ ባጃጅ መንዳት ከጀመርኩ ገና ዓመት አልሞላኝም። ተሳፋሪዎቼ ግን ከዚያ በፊት ያውቁኛል። አንዳንዱ ከኋላ ሆኖ ትከሻዬን ይነካና፣ «አንተ የላብራቶሪው ልጅ አይደለህም እንዴ? ደሜን ተቀብለኸኝ ነበርኮ» ይለኛል። አዎ እለዋለሁ። «ታዲያ ምነው ጥላ ሥር የሚሠራ ሥራ ትተህ በዚህ ፀሐይ?» ይለኛል። መልስ ስፈልግ ሰውዬው የሚወርድበት ይደርሳል። ይኸው አሁን ልጽፈው ነው። የተማርኩት እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ ስጽፍ እደናቀፋለሁ። አንባቢ ይታገሠኝ።

ታላቅ ወንድሜ ሞላ ሞቷል። ይህን አስቀድሜ ካልተናገርኩ ሌላው አይወጣልኝም። የገደለው በኩላሊቱ ውስጥ ያደገ ጠጠር ነው። ጠጠሩ እንዳያድግ ሊያደርግለት ይችል የነበረው ደግሞ ውኃ ነው። መድኃኒት አላልኩም፣ ውኃ ነው ያልኩት። ይህንን ለራሴ ስንቴ እንደነገርኩት አላውቅም፤ ጆሮዬ እስካሁን አልተቀበለውም።

ሥራ የጀመርኩት በትውልድ ወረዳዬ በጋዝጊብላ፣ በአንድ ጤና ጣቢያ በጽዳት ሠራተኛነት ነው። የመጀመሪያ አለቃዬ ከጎንደር ተመድበው የመጡ ሰው ነበሩ። እኔ ወለሉን ከወለወልኩ በኋላ በነጭ መሐረብ ያሹትና መሐረቡን ወደ መስኮቱ ብርሃን ያነሡታል። ከጠቆረ፣ «እንደገና!» ነው። አንድ ቀን የሰገራ ናሙና የያዘ ዕቃ መሬት ላይ ተደፍቶ ሁሉም አፍንጫውን ይዞ ሲወጣ እኔ ዝም ብዬ አጸዳሁት። ቆመው አዩኝና፣ «አንተ አፍንጫህ የማይኮራ ልጅ ነህ» ብለው ላብራቶሪ ክፍል ረዳት አደረጉኝ። ናሙና መቀበል፣ በዕቃው ላይ ስም መጻፍ፣ መስታወት ማጠብ ሥራዬ ሆነ። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለሽሮ ይበቃ ነበር፤ ስለ እሱ ሌላ የምለው የለም።

ከዚያ ሰቆጣ ከተማ ወዳለ ሌላ ጤና ጣቢያ ተዛወርኩ። ጋሽ መኳንንትን ያገኘኋቸው እዚያ ነው። የላብራቶሪው ባለሙያ እሳቸው ናቸው። ከጎጃም ሲመጡ «ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ» ብለው ነበር አሉ። እኔ ስደርስ ፀጉራቸው ሸብቶ፣ ልጆቻቸው የአገሩን ቋንቋ ኽምጣጛን እየተናገሩ ሰፈር ውስጥ ይጫወቱ ነበር።

ጋሽ መኳንንት ሐኪሙ የገመተውን መስማት አይወዱም። መጀመሪያ ሰሞን አላወቅኩም ነበርና፣ «ሐኪሙ ወባ ሳይሆን አይቀርም ብለዋል» አልኳቸው። ሁለቱንም ጆሯቸውን በመዳፋቸው ደፈኑ።

«ዝም በል! ዓይኔን አታበላሽብኝ። የሰማ ዓይን የሰማውን ነው የሚያየው።»

ሌላው ልማዳቸው ሁለት መስታወት ማየት ነው። የፈለገ ሰልፍ ቢኖር፣ የፈለገ ቢመሽ፣ ከአንድ ሰው ናሙና ሁለት ጠብታ በሁለት መስታወት ላይ ያደርጋሉ። «አንዱ ለእኔ፣ አንዱ ለበሽተኛው» ይላሉ። ሲያዩ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ዳዊት የሚደግሙ ይመስላሉ። ከንፈራቸው ከቆመ አንድ ነገር አግኝተዋል ማለት ነው።

ሽንት እንዴት እንደሚታይ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ሰው ቀላል ይመስለዋል። መጀመሪያ በትኩሱ መሆን አለበት፤ ከቆየ በውስጡ ያለው ይሟሟል ወይም ይበላሻል። ቀለሙን ወደ ብርሃን አንሥቶ ማየት፣ ሽታውን አለመጸየፍ። ከዚያ በቀጭኗ ብልቃጥ ይቀዳና በማሽን ይሽከረከራል። መብራት ሲጠፋ በእጅ የሚዞር ነበረን፤ ክንዴ እስኪዝል አዞረው ነበር። ሲቆም ከባዱ ነገር ብልቃጧ ሥር ይዘቅጣል። የላዩ በአንድ ጊዜ ይደፋል፤ እጅ ከተንቀጠቀጠ ዝቃጩም አብሮ ይሄዳል። የቀረውን ብልቃጧን በጣት መታ መታ አድርጎ ማንቃት፣ አንድ ጠብታ መስታወቱ ላይ፣ ከላዩ ስስ ክዳን። አየር ከገባ ትርፉ ክብ ክብ አረፋ ማየት ነው። የማይክሮስኮፑንም ብርሃን መቀነስ ያስፈልጋል፤ በብርሃን ብዛት ጠርዙ ይጠፋል።

«ደም በብርሃን፣ ሽንት በጥላ» ይሉኝ ነበር ጋሽ መኳንንት።

አንድ ክረምት በወባ ዘመቻ ሰሃላ ወረድን። መኪናው መንገዱ ያለቀበት ትቶን ማይክሮስኮፑን በበቅሎ ጭነን ሄድን። መብራት ስለሌለ ከሥሩ መስተዋት የሚገጠምለትን አሮጌውን ነው የያዝነው፤ በፀሐይ ነው የሚሠራው። ጋሽ መኳንንት በግራር ሥር አጎንብሰው ሲያዩ ተራ የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ፣ «እኒህ ሰውዬ ደግሞ ቱቦ ነው እንዴ የሚሳለሙት?» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ጋሽ መኳንንት ቀና ሳይሉ፣ «የእርስዎን ደም ነው የምሳለመው አባቴ። ገና ሲያዩት ይባርካል» አሏቸው። የዚያን ቀን አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት ትኩሳት ይዟት መጣች። የመጀመሪያው መስታወት ምንም የለበትም። ሴትዮዋ ተነሥታ ልትሄድ ስትል ጋሽ መኳንንት፣ «ትንሽ ቆዪ፣ የአንቺ ድርሻ ገና ነው» ብለው ሁለተኛውን አዩ። ከንፈራቸው ቆመ። ግርሻ የሚሉት ትኩሳት ነበር፤ እንደ ተጠማዘዘ ክር ያለ ነገር በደሟ ውስጥ ይሄዳል። በመርፌ ዳነች። ሁለተኛው መስታወት ሰው ያድናል ብዬ ያመንኩት ያን ቀን ነው። ለዚህ ነው በኋላ የሆነው ነገር ያደነዘዘኝ።

ሞላ አባታችን ከሞተ በኋላ ቤቱን የያዘ ነው። እርሻውን፣ ቀፎዎቹን፣ እናታችንን፣ እኔን፣ የሁላችን ታናሽ የሆነችውን ዝናሽን። ሚስት አላገባም፤ «መጀመሪያ እናንተን ላድርስ» ይል ነበር። ሰቆጣ ስማር ስንቄን ተሸክሞ የሚመጣው እሱ ነው። ሥራ ከያዝኩ በኋላም ይመጣል፤ ከበሩ ጀምሮ ነው የሚጮኸው።

«ዶክተር! ዛሬስ የስንት ሰው ሽንት ጎበኘህ?»

«አያ፣ ቀስ በል፣ ሰው አለ።»

«ሰው ቢኖርስ? አባታችን መስኖ ሊጠልፍ ወንዝ ጎበኘ፣ አንተ ሽንት ጎበኘህ። ሁሉም ፈሳሽ ነው።»

እኔ አያ እለዋለሁ። ሳቁ ከግድግዳው ወዲያ ይሰማ ነበር።

ሕመሙ ግን ከልጅነቱ አብሮት ነበር። ጎኑን ድንገት ይይዘዋል። በላብ ይጠመቃል፣ ያስመልሰዋል፣ መሬት ላይ ይንከባለላል፤ ያን የሚያህል ሰው ጉልበቱን ታቅፎ እንደ ሕፃን ያቃስታል። ከዚያ ይለቀዋል። ብርድ ነው ተባለ፣ ምች ነው ተባለ። እናቴ ጤና አዳም ጨቅጭቃ አጠጣችው። ጤና ጣቢያ ሲሄድ ማስታገሻ ይወጉታል፤ እስኪመለስ ደግሞ ሕመሙ ራሱ ይተወዋል። የሚተውን ሕመም ማንም አይመረምረውም።

አንድ ጊዜ በጣም ሲጠናበት ፀበል ሄዶ ሱባዔ ገባ። የፀበሉ ሥርዓት የታወቀ ነው። በየማለዳው በጆግ እየተቀዳ፣ ሆድ እምቢ እስኪል፣ ወደ ላይ እስኪል ይጠጣል። ምግቡ ቆሎና ሽምብራ ነው። ሱባዔው ሊያልቅ ሲል ጠጠሩ በሽንቱ ወጣ። ሕመሙ እልም አለ።

ከፀበሉ በቀጥታ እኔ ዘንድ መጣ። ፊቱ በርቷል።

«ዶክተር፣ ድኛለሁ! ድንጋይ ነው የወጣኝ። የትንሿን ጣቴን ጥፍር ታክላለች። ቢጫ፣ ሰም የመሰለች።»

«የታለች?»

«እዚያው ለምስክርነት ተውኳት። በጨርቅ ጠቅልለው ሰቀሏት።»

«አያ፣ ከመጣህ አይቀር ሽንትህን እንየው።»

«ታቦቱ ያዳነውን አንተ በመነጽር ልታጣራ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። ግን ሰጠ። ዕቃውን እስከ አፉ ሞልቶ ነው ያመጣው። ከቧንቧ የተቀዳ ውኃ ይመስላል፤ ቀለም የሚባል ነገር የለውም። ጋሽ መኳንንት እንደ ልማዳቸው ሁለቱን መስታወት አዩ። ከንፈራቸው አልቆመም።

«ጠፈር ነው የማየው። ደመና እንኳን የለውም» አሉና ንጹህ ብለው ጻፉለት።

ሞላ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። «አየህ? መሣሪያህም መሰከረ» አለኝ። ስሸኘው ደግሞ፣ «እንግዲህ እኔም በባዶ እጄ አልቀርም፤ ተስያለሁ» አለ።

«ምን ተሳልክ?»

«ስለት ይወራል እንዴ? የእኔና የእሱ ነው።»

ከዚያ በኋላ ሕመሙ ተመለሰበት። እንደገና ፀበል ገባ፣ እንደገና ዳነ። እንደገና ተመለሰበት። ሁልጊዜ ፀበል ሲገባ ይሻለዋል፣ ቤቱ ሲከርም ይታመማል። ሰዉ፣ «ፀበሉ ነው የያዘው፣ ከዚያ ሲርቅ ጠላት ያገኘዋል» አለ። እኔም ሌላ ነገር አልታየኝም።

ባለፈው ዓመት በሁዳዴ እናቴ በአይሱዙ አሳፍራ ሰቆጣ አመጣችው። ፊቱ አብጦ አላወቅኩትም። እኔን ሲያይ ዶክተር አላለኝም። ዕቃ ሰጠሁት፤ ብዙ ቆይቶ የዕቃውን ሥር ብቻ የሚሸፍን፣ የጠቆረ ነገር ይዞ ወጣ። በእጅ አዞርኩት፤ መብራት ኖሮም እንደሆነ እንጃ፣ እጄ ብቻ ማሽኑን ያዘ። ጋሽ መኳንንት ፊቴን አይተው ገና ሳልናገር ጆሯቸውን ደፈኑ። ከዚያ አጎነበሱ። ከንፈራቸው ጥቂት ተንቀሳቀሰና ቆመ። እንደ ሌላው ጊዜ ቶሎ ቀና አላሉም።

«ና እስቲ። ያየኸውን ብቻ ንገረኝ።»

አየሁ። ጠፍጣፋ፣ የጠራ፣ ጠርዙ በቢላ የተቆረጠ የሚመስል። አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርቧል። ጎኑን ቆጠርኩት።

«ስድስት ጎን አለው። የማር ሰም ላይ ያለውን የንብ ቤት ይመስላል» አልኩ።

«በመጽሐፍ ነው የማውቀው። በዓይኔ ያየሁት ዛሬ ነው» አሉ። ድምፃቸው ቀጥኖ ነበር።

እናቴ በነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን ፈታች። በቅርቡ የወጣው ጠጠር ነበር፤ ቢጫ ነው፣ እውነትም ሰም ይመስላል። ጋሽ መኳንንት ከላዩ ፍቀው ፍቃፊውን በእሳት አስነኩት። ክፍሉን የተቃጠለ ፀጉር ሽታ ሞላው። እናቴ አፍንጫዋን ሸፈነች።

«ምነው ልጄ ፀጉር በላ እንዴ?»

«አልበላም እናቴ። ፀጉር ውስጥ ያለው ነገር ነው። ጥፍርና ቀንድ ውስጥም አለ፤ በእርስዎም ሰውነት ውስጥ አለ፤ እኔም ጋ አለ። ሲስቲን ይባላል።»

ከዚያ ለእኔ ነገሩኝ። እንደገባኝ እጽፈዋለሁ። ኩላሊት ደምን ሲያጣራ ሲስቲን አብሮ ይወርዳል። የጤነኛ ሰው ኩላሊት ከመንገድ ይይዘውና ወደ ደም ይመልሰዋል። አንዳንድ ሰው ግን ሲወለድ ጀምሮ ኩላሊቱ መመለሱን አያውቅበትም። ሲስቲኑ ሽንት ውስጥ ይቀራል። በውኃ ደግሞ በቀላሉ አይሟሟም። ውኃው ብዙ ከሆነ ተበታትኖ ይወጣል፤ ውኃው ካነሰ ይረጋል፣ ይደርቃል፣ ይህ ባለ ስድስት ጎኑ ቅንጣት ይሆናል፤ ቅንጣቱ ተጠራቅሞ ጠጠር። እንዲህ ያለ ሰው ቀን ብቻ ሳይሆን ከእንቅልፉም እየተነሣ መጠጣት አለበት። የሚሰጥ መድኃኒትም አለ፤ መጀመሪያው ግን ውኃ ነው።

ሆስፒታል ወስደን በአልትራሳውንድ አዩት። አንደኛው ኩላሊት ከከረመ ጠጠር የተነሣ ተኮማትሮ ሞቷል። የቀረውን አዲስ ጠጠር ዘግቶታል። ደሙ ተመርዟል አሉን፤ ደም የሚያጥብ መሣሪያ ወዳለበት ከተማ ይሂድ ተባለ። በአምቡላንስ ወጣን። እናቴና እኔ አጠገቡ ነን።

መንገድ ላይ ነጋ። የጠዋት ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ደረቱ ላይ ነበረች። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። አብራን ያለችው ነርስ፣ «ከንፈሩን ብቻ አርስለት» ብላኝ ጥጥ በውኃ ነክሬ ስጠጋ ሞላ ዓይኑን ከፈተ።

«ፀሐይ ገብታለች?» አለኝ።

ግራ ገብቶኝ እናቴን አየኋት። «ምን ማለቱ ነው?»

እናቴ ፊቷን ዞር አደረገች። «ሳትገባ አይቀምስማ። ስለቱ ነው። ከዳነ ጀምሮ ጾም በሆነ ቀን ሁሉ፣ ረቡዕም ዓርብም፣ ፍልሰታም ሁዳዴም፣ ፀሐይ ካልገባች ከፀበል በቀር ውኃ አፉ አይገባም። እያረሰም እንዲያው ነው።» ከዚያ ቀስ ብላ፣ «እኔማ ጻድቅ ልጅ ወለድኩ ብዬ...» አለች። አልጨረሰችውም።

እኔ ወንድሜን አየሁት። እሱ መልሴን ይጠብቃል። ፀሐይዋ ደረቱ ላይ ናት፣ እሱ ግን አያያትም።

«ገብታለች አያ» አልኩት።

ከንፈሩን ለጥጡ ከፈተ። ከተማው ሳንደርስ ሞተ።

በውኃ ነው የዳነው። በየሱባዔው ያን ሁሉ ውኃ ስለጠጣ ነው ሲስቲኑ የታጠበው፣ ጠጠሩ የወጣው። ስለዳነ ደግሞ ምስጋናው ብሎ ያንኑ ውኃ ተወው። ሲያመው ይጠጣል፤ ሲሻለው ይጠማል። አምላክን እያመሰገነ ነው የሞተው። ይህን ያወቅኩት በዚያ አምቡላንስ ውስጥ ነው። ጥጡን እንደያዝኩ ቀረሁ። ነርሷ ናት ከእጄ የወሰደችው።

ጋሽ መኳንንት ለለቅሶ ጋዝጊብላ ድረስ መጡ። ድንኳን ውስጥ አጠገቤ ተቀመጡ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣

«ያን ጊዜ፣ መጀመሪያ ንጹህ ያልኩት ጊዜ፣ ከየት ነበር የመጣው?» አሉኝ።

«ከፀበል።»

«ጠዋት ጠጥቶ ነበር?»

«በጆግ ነው የሚጠጡት ጋሼ።»

ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። «ሽንት አይደለማ ያየሁት። ወንዝ ነው ያየሁት። ከየት መጣህ፣ ምን ጠጣህ አላልኩትም። ሁለት መስታወት አየሁ ብዬ ኮራሁ። አሥርም ባይ ያው ነበር።»

እኚያን ሰው እንዲያ ሆነው አይቻቸው አላውቅም። ከዚያ ወዲህ አንድም ሰው ምን ጠጥቶ እንደመጣ ሳይጠይቁ ናሙና አይቀበሉም።

የቤታችን የነፍስ አባት አባ ወልደ ማርያም ናቸው። እኔ በንዴት ነው የጠየቅኳቸው። «አባቴ፣ እንዴት ለታመመ ሰው እንዲህ ያለ ስለት ይፈቀዳል?»

ደነገጡ። «የምን ስለት?»

ነገርኳቸው። መቋሚያቸው ላይ ተደገፉ።

«ማን አዘዘው? ልጄ፣ ሞላ አልነገረኝም። ነግሮኝ ቢሆን እፈታው ነበር። ለበሽተኛ ውኃ የሚከለክል ሥርዓት የለንም። ፀበሉንስ በውኃ አይደለም እንዴ የሰጠን?» አሉ። ዓይናቸው ውኃ ሞላ። ለእሳቸውም ልክ እንደ እኔ አዲስ ነበር።

ከአርባው በኋላ ሥራ ገባሁ። ጋሽ መኳንንት በሩን ዘጉና አስቀመጡኝ።

«ስማኝ። ይህ ነገር ከአባትም ከእናትም ሲወረስ ነው የሚመጣው። እነሱ ግማሽ ግማሹን ይዘው ሳይታመሙ ይኖራሉ። አንዱ ልጅ ላይ ሁለቱ ግማሽ ሲገናኝ ነው ጉዱ። አንድ ልጅ ላይ ከተገናኘ ሌላው ላይም ሊገናኝ ይችላል። አንተና እኅትህ የጠዋት ሽንት አምጡ። ከመኝታ እንደተነሣችሁ፣ ውኃ ሳትቀምሱ።»

ወንድሜን ቀብሬ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

የእኔን እሳቸው አዩት፤ ምንም የለውም። የዝናሽ ናሙና ሲመጣ ግን ከወንበሩ ተነሡ። «አንተ እይ። እኔ ይህን ቤት አንድ ጊዜ ተሳስቼበታለሁ።»

ዝናሽ ያኔ ስምንተኛ ክፍል ናት። አንድም ቀን አሞኝ ብላ አታውቅም። ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ከሌላ ልጅ ጋር ስትስቅ ይሰማኛል። አዞርኩት። የላዩን ደፋሁ፣ ብልቃጧን መታ መታ አደረግኩ፣ አንድ ጠብታ፣ ስስ ክዳን። ብርሃኑን ቀነስኩ። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ትንሽ ሳንቀሳቅሰው አንድ መጣ። ጥርት ያለ፣ ጠፍጣፋ። መቁጠር አልፈለግኩም፤ ቆጠርኩት። ከአጠገቡ ሌላ።

በሥራ ዘመኔ ያየሁት የመጨረሻ መስታወት እሱ ነው። ከዚያ በኋላ የማንንም ሽንት ወደ ብርሃን ማንሣት አልቻልኩም፤ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ጥቂት ሞከርኩ፤ ዝቃጩ ሁሉ ከላዩ ጋር ይደፋብኝ ጀመር። የሰው ናሙና ነው፣ ሰው አለበት። ጋዋኔን አጥፌ ስሰጣቸው ጋሽ መኳንንት አልለመኑኝም።

«ጋዋኑን ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ። ልጅቷን ግን የምሰጠው ሌላ ሰው የለኝም» አሉኝ።

ዝናሽን ሰቆጣ አምጥቼ ከእኔ ጋር አስቀመጥኳት። ሐኪም መድኃኒት አዘዘላት፣ ጨው ቀንሺ አላት፣ ከሁሉ በላይ ጠጪ አላት። ከተማው ውስጥ ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ባገኘሁት ጄሪካን ሁሉ እቀዳለሁ። ከክፍል ሽንት ቤት ስትመላለስ አስተማሪው ተቆጣት። ልጆቹ ቦኖ ብለው ስም አወጡላት። «ቦኖ መጣች፣ ጄሪካናችሁን አሰልፉ!» ይሏታል። ታለቅስና ትጠጣለች። ስታለቅስም ስትስቅም ትጠጣ እንጂ እኔ ግድ አልነበረኝም።

ዘንድሮ ሁዳዴ ሲገባ ግን እምቢ አለች። አባ ወልደ ማርያም ራሳቸው፣ «ጾምሽን ከምግቡ ጹሚ፣ ውኃ ግን ጠጪ፤ በእኔ ይሁንብሽ» ብለዋታል። ሰቆጣ ሳለን ከሰው ተደብቃ ትጠጣ ነበር። ለሰሙነ ሕማማት ጋዝጊብላ ስንሄድ ያንንም ተወችው።

«እዚህ ሁሉም ያውቀኛል። የሞላ እኅት በሕማማት ውኃ ጠጣች ይበሉኝ?» አለችኝ።

እናቴን፣ «እባክሽ ንገሪያት» አልኳት። እናቴ ተነሥታ ወደ በሩ ሄደች። ከሞላ ሞት ወዲህ ስለ ውኃ ሲወራ ከቤት ትወጣለች። ምን እንደምታስብ አላውቅም ነበር። ዝናሽ ቀኑን ሙሉ ሳትጠጣ ስትውል እኔ ያንን ጥርት ያለ ነገር በኩላሊቷ ውስጥ ሲደራረብ አየው ነበር፤ ዓይኔን ብጨፍንም አየው ነበር።

የስቅለት ዕለት ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ እየሰገደ ነው። እኔ በወንዶች በኩል፣ በሃይላንድ የተሞላ ውኃ በጋቢዬ ሥር ይዤ ቆሜያለሁ። ዝናሽን ከሩቅ አያታለሁ። ፀሐዩ ከርሯል። ትሰግዳለች፣ ትነሣለች፣ ትሰግዳለች። አንዴ ስትነሣ እጇን ጎኗ ላይ አደረገች። የሞላ እጅ የሚያርፍበት ቦታ ነው።

እናቴም አይታለች። ስግደቷን አቋርጣ በሰዉ መሐል እየጣሰች ወደ እኔ መጣች። ሴት ወደ ወንዶች በኩል እንዲያ አትመጣም።

«የታለ ውኃው?» አለችኝ።

ሰጠኋት። ተከትያት እስከ መካከሉ ሄድኩ። ከዝናሽ አጠገብ የምትሰግደው ጎረቤታችን ጠርሙሱን አይታ፣ «ውይ! በዛሬ ቀን?» አለች።

«አዎ፣ በዛሬ ቀን» አለች እናቴ። ክዳኑን ፈታችው። «ጠጪ።»

«እማ፣ ሰው እያየ ነው።»

«ይይ። ወንድምሽ ተደብቆ ነው የተጠማው።»

ዝናሽ ዙሪያዋን አየች። እናቴ ጠርሙሱን በእጇ ላይ አስቀመጠችላትና ነጠላዋን አደገደገች።

«የቀረሽን ስግደት እኔ እሰግድልሻለሁ» አለቻትና ግንባሯን መሬት ላይ ደፋች።

ዝናሽ ጠርሙሱን በሁለት እጇ ያዘች። ሰዉ ሁሉ እያያት፣ እንባዋ እየወረደ፣ ጠጣች።